ድንገተኛ ሞት፣ ወሲያ እና የዓይን ብሌን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ቤት ውስጥ ሲነሳ «ተወው፣ ክፉ አታሟርት» ተብሎ የሚታለፍ ነው። ረዘም ስለሚል በትዕግሥት አንብቡት፤ የማትስማሙበት ነጥብ ካለም በአደብ ጻፉልን።

የአዛውንት ሞት ያሳዝነናል፤ የስፖርተኛ ሞት ግን ያስደነግጠናል። ጤንነትን ከሞት የሚከልል አጥር አድርገን ስለምናይ፣ ሲሮጥ ያየነው ወጣት ሞተ ሲባል ጆሯችንን አናምንም። በሪዮ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ለአገሩ የሮጠው፣ በካምፓላው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናም ነሐስ ያመጣው አትሌት አባዲ ሐዲስ ታሞ በጥር 2012 ሲያርፍ ገና 22 ዓመቱ ነበር። የባህር ዳር ከተማና የብሔራዊ ቡድናችን አማካይ አለልኝ አዘነ በመጋቢት 2016 ሲያልፍ ዕድሜው 26 ነበር።

ከአገር ውጭም እናውቃለን። በኒውካስል ማሊያ ያየነው አይቮሪኮስታዊው ሙስሊም ወንድማችን ሼክ ቲዮቴ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ቤጂንግ ውስጥ ልምምድ ላይ ሳለ ወድቆ በ30 ዓመቱ አኼራ ሄደ። በወሩ ደግሞ የአያክሱ ወጣት አብደልሃቅ ኑሪ በወዳጅነት ጨዋታ መሀል ልቡ ቆመና ወደቀ። እሱ በሕይወት ተረፈ፤ ነገር ግን አንጎሉ ክፉኛ ስለተጎዳ በቤተሰቡ እንክብካቤ ሥር ሆነ። ያኔ 20 ዓመቱ ነበር።

ሜዳ ላይ ከሚወድቁት ከእነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ ችግሩ የልብ ነው፤ ብዙ ጊዜም አብሯቸው የተወለደና ማንም ያላወቀው ነው። ሐኪም ስለ በሽታው ይናገራል። እኛ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ድንገተኛ ሞት ለቤተሰብ የማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። አባት ልቅሶ ላይ፣ እናት ራሷን ስታ፣ ወንድም ለከፈን ሲሯሯጥ፣ «ልጃችሁ ሰው የሚያድንበት ነገር ትቶ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። መልሱ አስቀድሞ መኖር ነበረበት።

መልሱ አስቀድሞ ሲኖር ምን እንደሚሆን አንድ ስፖርተኛ አሳይቶናል። ጀርመናዊው ሽቴፋን ሄንሰ በአቴንስ ኦሎምፒክ በታንኳ ቀዘፋ ብር ያገኘ ሲሆን፣ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ሄደ። ኦገስት 12 ቀን የተሳፈረበት ታክሲ ተጋጨ፤ ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ከሦስት ቀን በኋላ በ35 ዓመቱ ሞተ። ልቡ፣ ጉበቱና ሁለቱ ኩላሊቶቹ ለአራት ብራዚላውያን ተሰጡ። ለሜዳሊያ በሄደበት አገር፣ ስሙን እንኳ የማያውቁ አራት ሰዎች በሕይወት ቀሩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር አለ። «የአካል ክፍል ልገሳ» ሲባል ሁሉም ሰው ልብና ኩላሊት ያስባል። ልብና ኩላሊት ከሞተ ሰው የሚወሰዱት ግን በተለየ ሁኔታ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሆስፒታል ውስጥ በመሣሪያ እየተነፈሰ፣ አንጎሉ ፈጽሞ ሞቶ፣ ደሙ ግን ገና እየተዘዋወረ ሲሆን ነው። የሄንሰ እንዲህ ነበር። ሜዳ ላይ ወድቆ እዚያው ልቡ የቆመ ስፖርተኛ፣ በመንገድ አደጋ እዚያው ያለፈ መንገደኛ፣ ቤቱ በእንቅልፉ የሞተ አባት ልቡንም ኩላሊቱንም መስጠት አይችልም፤ ደም ከቆመ እነዚህ አካላት በፍጥነት ይበላሻሉ።

የዓይን ብሌን ግን እንደዚያ አይደለም። ብሌን ስንል ከዓይን ፊት ለፊት ያለውን፣ እንደ መስታወት የጠራውን ስስ ሽፋን ማለታችን ነው። ደም ሥር የለውም። ስለዚህ ልብ ቆሞ ሰዓታት ካለፉ በኋላም ሊወሰድ ይችላል። ተቀባዩና ሰጪው የደም ዓይነታቸው መመሳሰሉ ግድ አይደለም። ሰጪው መነጽር ያደርግ የነበረ ወይም ሽማግሌ መሆኑ ብቻውን አያግድም። ተላላፊ በሽታ እንዳይኖር ደሙ ይመረመራል። ከአንድ ሰው ሁለት ብሌን ይገኛል፤ ሁለት ሰው ያያል።

አገራችን ዛሬ ያለችበትን ደረጃም እንወቅ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው በመስከረም 2008 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ የተጀመረውም በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ከሁለት ኩላሊቱ አንዱን ሲሰጥ በሚደረግ ንቅለ ተከላ ነው። የዓይን ባንክ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቁሟል፤ ከሞቱ ሰዎች ብሌን ተቀብሎ ዓይናቸው ለጠፋ ሰዎች ያደርሳል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ «ስሞት ለሰው ይጥቀም» ቢል፣ ቃሉ ወደ ተግባር የሚለወጥበት የተዘጋጀ መንገድ ብሌን ነው።

የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ነበር። ከመንስኤዎቹ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነው፤ እሱ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይድናል። 11.5 በመቶው በትራኮማ ብሌኑ የጠቆረ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት ብሌኑ የጠባሰ ነው። አንድ ላይ ስናያቸው ከአምስት ዓይነ ስውር አንዱ ገደማ ችግሩ ብሌኑ ላይ ነው ማለት ነው። ሁሉም በንቅለ ተከላ ይድናል ማለት አይደለም፤ በተለይ ትራኮማ ያደረቀው ዓይን አስቸጋሪ ነው። ማየት የሚችለው ግን ከሌላ ሰው ብሌን ካልተገኘ በቀር መድኃኒት የለውም። እንጨት ሲፈልጥ ፍላጭ የመታው፣ ዓይኑን እሾህ የወጋው፣ በልጅነቱ ዓይኑ የቆሰለ ሰው በየቀበሌያችን አለ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ ሸሪዓው ምን ይላል?

እዚህ ላይ ፈትዋ ልሰጥ አልችልም፤ ቦታዬም አይደለም። የታላላቅ ጉባኤዎችን ውሳኔ ግን ማንም ሊያውቀው ይገባል። የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1402 ዓመተ ሂጅራ በውሳኔ ቁጥር 99 ከሕያውም ከሟችም የአካል ክፍል መስጠትን ፈቅዷል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1988 ጂዳ ላይ ባካሄደው አራተኛ ጉባኤው፣ ሟቹ በሕይወቱ ፈቅዶ ከሆነ ወይም ወራሾቹ ከሞቱ በኋላ ከፈቀዱ ከሟች አካል ወስዶ ሕይወትን ወይም የአካልን መሠረታዊ አገልግሎት ማዳን ይፈቀዳል ብሏል። አካልን መሸጥ ግን በፍጹም አይፈቀድም። ሕያው ሰው የሁለት ዓይኖቹን ብሌን ልስጥ ቢልም አይፈቀድለትም፤ አንዱን ለማብራት ሌላውን ማሳወር ነውና። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የሳዑዲው ንጉሥ ሰልማንና አልጋ ወራሹ ራሳቸው በለጋሽነት ተመዝግበዋል።

የተቃወሙም ታላላቅ ሊቃውንት እንዳሉ መደበቅ አማና ማጉደል ነው። የግብፁ ሸይኽ ሙሐመድ ሙተወሊ አሽ-ሸዕራዊ አካል የአላህ ንብረት ስለሆነ ያልያዝከውን አትሰጥም የሚል አቋም ነበራቸው። ሸይኽ ኢብኑ ዑሰይሚንም አልፈቀዱም። ከሕንድና ከፓኪስታን ዑለማዎች የሚበዙትም ወደ መከልከሉ ያዘነበሉ ናቸው። የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር ነው የሚል ትርጉም ያለውን ሐዲስም ያነሳሉ። ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም፤ ሙስሊም የሟችን ክብር በዋዛ አያየውም።

የፈቀዱት ዑለማዎች ሲመልሱ፣ ሐዲሱ የሚከለክለው ማዋረድን ነው፤ በሟቹ ፈቃድ፣ በሐኪም እጅ፣ በጥንቃቄ፣ ሌላን ለማዳን የሚደረግ ሥራ ማዋረድ አይደለም ይላሉ። «ያልያዝከውን አትሰጥም» ለሚለውም እኛ በምናውቀው ምሳሌ እናስብ። በዳቡስ ወንዝ ሰው ሲወሰድ አይቶ ዘሎ የሚገባውን ዋናተኛ «ነፍስህ የአላህ አማና ናትና አደጋ ላይ አትጣላት» ብለን አንወቅሰውም። አማናውን በአማና ቦታ አዋለው እንላለን። አንዲትን ነፍስ ማዳን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሱረቱል ማኢዳ ላይ የተነገረውንም ሁላችን እናውቀዋለን።

ይበልጥ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው። ስለ አካል ልገሳ ከሚነሱት የፊቅህ ክርክሮች ከባዱ የአንጎል ሞት ነው፤ ልቡ የሚመታን ሰው «ሞቷል» ማለት ይቻላል ወይ የሚለው። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ቢቀበለውም ዛሬም የማይቀበሉት ዑለማዎች አሉ። የብሌን ጉዳይ ግን እዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም። ብሌን የሚወሰደው ልብ ቆሞ፣ ትንፋሽ ጠፍቶ፣ ማንም መንደርተኛ «ሞቷል» ብሎ ከመሰከረ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሐኪሞቹ አካሌን ፈልገው ሳልሞት ይተዉኛል» የሚለው ስጋትም እዚህ ቦታ የለውም።

ሌሎቹን ስጋቶችም አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጀናዛ ይዘገያል» ይባላል። ጀናዛን ማፋጠን ሱናችን ነው፤ አሶሳ ላይ ጠዋት የሞተ ከዙህር ወይም ከዐስር በኋላ ይቀበራል። ብሌን ማንሳት ግን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ቀባሪ እስኪሰበሰብ፣ ቀብሩ እስኪቆፈር፣ ከፈን እስኪመጣ ባለው ጊዜ ያልቃል። የጀናዛ ትጥበቱም ከዚያ በኋላ በወጉ ይደረጋል።

«ፊቱ ይበላሻል» ይባላል። የሚፈለገው ስስ ሽፋኑ ነው፤ የዓይን ቆብ በክብር ይከደናል፤ ሊሰናበት የሚመጣ ሰው ልዩነቱን አያይም።

«በአኼራ ያለ ዓይን እንነሳለን» የሚልም አለ። በባሕር ሰጥሞ ዓሣ የበላው፣ በእሳት የተቃጠለ፣ በጦርነት አካሉ የተበተነ ሙእሚን እንዴት ይነሳል? ከአፈር ፈጥሮ ወደ አፈር የመለሰን ጌታ ብሌን መመለስ አይሳነውም።

«ይሸጡታል» የሚለው ስጋት ግን በእኛ አካባቢ ሥር አለው። ልጆቻችን በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ በረሃው ይሰደዳሉ፤ በደላሎች እጅ ስለወደቁ ስደተኞችና ስለሚወሰድ የሰው አካል የሚወራውን ያልሰማ ቤት የለም። ይህን ፍርሃት «አለማወቅ ነው» ብሎ ማጣጣል ስህተት ነው። መድኃኒቱ ግልጽነት ነው። በመንግሥት ተቋም ብቻ፣ በጽሑፍ፣ በምስክር፣ ያለ ምንም ክፍያ መሆን አለበት። ሰጪውም አይከፈለውም፤ ተቀባዩም ብሌኑን አይገዛም። ገንዘብ የገባበት ቀን ሸሪዓውም ሕጉም ይከለክለዋል።

«ለማን እንደሚሰጥ አላውቅም፤ ሙስሊም ላይሆን ይችላል» የሚልም አይጠፋም። የደም ከረጢት ላይ የደም ዓይነት እንጂ ሃይማኖት አይጻፍም። በዚህ ክልል በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ፣ አማራና ኦሮሞ አብረን እንኖራለን። በቅርብ ዓመታት በመተከልና በካማሺ የፈሰሰውን ደም ሁላችን እናውቃለን። ብዙ ደም በከንቱ በፈሰሰበት ምድር፣ አንዱ ለሌላው ወዶ የሚሰጠው ነገር ቢኖር እንዴት ደግ ነበር! የእኛ ብሌን ላይ አንድ የመተከል ልጅ ቢያይበት ከአጅራችን ምን ይቀንሳል?

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። አሶሳ ላይ ተቀምጦ ቅጽ መሙላት ብቻውን የትም አያደርስም። ባንኩ አዲስ አበባ ነው፤ በመሀላችን ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ያ መንገድም በወለጋ በኩል በጸጥታ ችግር ለወራት ሲዘጋ አይተናል። እዚህ የሞተን ሰው ብሌን ለማንሳት እዚሁ ያለ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። የምስራቹ፣ የተነሳ ብሌን በተዘጋጀለት ፈሳሽ ውስጥ ለቀናት መቆየት ይችላል፤ አሶሳ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ስለዚህ የሚያንቀን ርቀቱ አይደለም፤ ሁለት ሦስት የሠለጠኑ ነርሶችና ጥቂት ዕቃ ማጣታችን ነው። ይህ ለአንድ ክልል ጤና ቢሮ የማይቻል ሸክም አይደለም። የአሶሳ ሆስፒታልና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተነጋግረው ከዓይን ባንኩ ጋር ሊጀምሩት ይችላሉ። ጥያቄው ከሕዝብ ካልመጣ ግን ማንም አይጀምረውም። «ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ አይፈቅድም» ተብሎ በእኛ ስም እንዳይዘጋ እፈራለሁ፤ እኛን የጠየቀን ሰው ሳይኖር።

ከእኛ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የክልላችን መጅሊስ ዑለማዎቻችንንና የዓይን ሐኪሞችን አንድ ላይ ያስቀምጥ። የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም ማስረጃቸውን ያቅርቡ፤ ከዚያ ሕዝቡ የሚይዘው ግልጽ ቃል ይውጣ። ቃሉም በአሶሳ፣ በባምባሲ፣ በመንጌ፣ በሆሞሻና በኩርሙክ መስጂዶች በበርታ ቋንቋ፣ በዐረብኛና በአማርኛ ይነገር። «አይፈቀድም» ቢባል እንኳ አውቀን እንተዋለን። አሁን ግን አውቀን አልያዝነውም፤ አውቀን አልተውነውም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን በወሲያችን ላይ እንጻፈው። ወሲያ የሚያደርግበት ነገር ያለው ሙስሊም ሳይጽፍ ሌሊቶችን እንዳያድር ረሱላችን ﷺ መክረውናል። እኛ ግን ወሲያን የሽማግሌና የባለ ሀብት ነገር አድርገነዋል። በ20 እና በ26 ዓመት ምን እንደሚመጣ ከላይ አይተናል። ልገሳውን የምትፈልግ ጻፈው፤ የማትፈልግም «አልፈልግም» ብለህ ጻፈው፤ ሁለቱም መብትህ ነው። ወረቀቱን ደግሞ ሳጥን ውስጥ አትቆልፈው፤ ለሚስትህ፣ ለአባትህ፣ ለታላቅ ወንድምህ ንገራቸው። በሐዘን ሰዓት ሐኪም የሚሰማው የቤተሰቡን ድምፅ ነው። ልጃቸው ምን ይፈልግ እንደነበር የማያውቁ ወላጆች «እንቢ» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ሦስተኛ፣ በሕይወት እያለን የሚሰጠውን እንስጥ። ጤነኛ ወጣት በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። በወሊድ የምትደማ እናት፣ ወባ ደሙን የጨረሰበት ሕፃን፣ በሞተር አደጋ የመጣ ጎረምሳ የሚጠብቁት ይህንን ነው። እዚህ ላይ የስፖርት ክለቦቻችን ቢቀድሙ ደስ ባለን። ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ፣ ቅዳሜ ተጫውቶ፣ እሁድ ከነቡድኑ ደም የሚሰጥ ወጣት ስለ ሞቱም ሳይፈራ ማሰብ ይችላል።

አሶሳ የማንጎ አገር ናት። ከምንበላው ማንጎ ብዙው የተተከለው ዛሬ በሕይወት በሌሉ ሰዎች እጅ ነው። የተከሉት አባቶች ማን እንደሚበላው አልጠየቁም፤ መንገደኛውም፣ ልጁም፣ ወፉም ከበላው ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍላቸው ያውቁ ነበር። የዓይን ብሌንም ከቀብር በኋላ የሚያፈራ ነገር ነው። የሚፈቅዱት ዑለማዎች ሰደቀቱል ጃሪያ ውስጥ ይቆጥሩታል፤ አንድ ሰው በሰጠኸው ብርሃን ቁርኣን ቢያነብ፣ ልጁን ቢያይ፣ መንገዱን ቢያቋርጥ አንተ አፈር ውስጥ ሆነህ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ለቤተሰባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ አንሱ፤ «እኔ ድንገት ብሞት ዓይኔን በተመለከተ ምን ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰሙትን መልስ፣ ድጋፍም ይሁን ተቃውሞ፣ አስተያየት ላይ አስፍሩልን። ዑለማዎቻችን ጥያቄያችንን በሕዝብ ቃል እንዲሰሙት ሰብስበን ለመጅሊሱ እናቀርባለን።

አላህ ያለፉትን ይማር፣ የታመሙትን ይፈውስ፣ ዓይናቸው ለጠፋባቸው ብርሃን ይስጣቸው፣ ለእኛም መልካም ፍጻሜ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።